ማርሞት፣ ሽኮኮ፣ አንበሳ ወይስ ጉሬዛ? ለከተማ ዳርቻ ትምህርት ቤት መለያ እንስሳ አመራረጥ

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ሰበታ። የአዲስ አበባ ዳርቻ በሰፋ ቁጥር ትምህርት ቤት ይከፈታል። የሕንፃው ቀለም ገና አልደረቀም። ተማሪዎቹም ከየአቅጣጫው የተሰበሰቡ ናቸው። አንዱ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ኮንዶሚኒየም የደረሰው ልጅ ነው። አንዷ እዚያው ቀዬ የተወለደች ናት። ሌላው ከክፍለ ሀገር ቤተሰቡን ተከትሎ የመጣ። እርስ በርስ አይተዋወቁም። የትምህርት ቤቱ ስም ደግሞ ብዙ ጊዜ የቦታው ስም ላይ «ቁጥር ሁለት» የተጨመረበት ነው። «ቁጥር ሁለት! ቁጥር ሁለት!» እያሉ መጨፈር ይከብዳል።

መለያ እንስሳ፣ ማስኮት የሚባለው ነገር፣ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ለስፖርት ቲሸርት፣ ለሚኒ ሚዲያው፣ ለወላጆች ቀን ባነር፣ ለኳስ ሜዳ ጭፈራ። ልጁ «የየት ተማሪ ነህ?» ሲባል ደረቱን ነፍቶ የሚመልሰው አንድ ነገር ያገኛል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ምርጫው ላይ ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ለርእሰ መምህራን፣ ለስፖርት መምህራን፣ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት (ወመተህ) አባላት፣ ለተማሪ ፓርላማ። ማርሞትን ከፊት ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቹ ራሳቸው ናቸው ያመጡት። ቲክቶክ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ እንደ ሰው የሚጮኸውን ወፍራም እንስሳ ያላየ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የለም። በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ስሙ ሲነሣ ከጎኔ የተቀመጡ አባት «ማርሞት? የመኪና ስም ነው?» አሉ። አንድ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ አሳያቸው። ሳቁና «ይሄማ ሽኮኮ ነው» አሉ። አይደለም። ግን ያሉት ነገር ከብዙዎቻችን ክርክር የተሻለ ነበር፤ እመለስበታለሁ።

የእኔን ሚዛን አስቀድሜ ልናገር። መለያ እንስሳ ሲመረጥ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ አስፈሪው ነው። ጥርስ፣ ጥፍር፣ ጎፈር። እኔ ግን ሁለት ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። እንስሳው ልጆቹ ቢያደርጉት የምንወደውን ነገር ያደርጋል? ልጆቹስ በዓይናቸው ሊያዩት ይችላሉ? ሁለቱንም ያሟላ ያልፋል።

ማርሞት

ዛፍ ላይ ከሚሯሯጡት ጭራ ጎፋሮች (በእንግሊዝኛ ስኩዊረል) ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ከእነሱ ግን በጣም ይገዝፋል። ዝርያው 15 ያህል ሲሆን ሁሉም በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ ይኖራሉ። አፍሪካ ውስጥ አንድም የዱር ማርሞት የለም። ስለዚህ ሁለተኛውን ጥያቄ ገና ከበሩ ይወድቃል።

የመጀመሪያውን ጥያቄ ግን በሚገርም ሁኔታ ያልፋል። የአልፕስ ተራራውን ማርሞት ውሰዱ። በቤተሰብ ነው የሚኖረው። ሣር ሲግጡ አንዱ ቀና ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል። ንስር ወይም ቀበሮ ካየ በኃይል ያፏጫል። ያኔ ሁሉም ወደ ጉድጓድ። በረዶው ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቃቅፎ ይተኛል፤ ለስድስት ለሰባት ወር። የልባቸው ምት በደቂቃ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይሆናል። የዓመቱ ግልገሎች ያንን ብርድ የሚሻገሩት ትልልቆቹ አብረዋቸው ስለሚተኙና ስለሚያሞቋቸው ነው። ትልቁ ለትንሹ ሲከፍል ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ከ8ኛ ክፍል ተማሪ የሚፈልገው ይህንን አይደል?

ማስኮት ሆኖም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ ቫንኩቨር በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ሙክሙክ የሚባል ማርሞት ነበረ። ዋናዎቹ ማስኮቶች ሦስት ሌሎች ነበሩ፤ እሱ አጃቢ ነበር። ሰዉ ግን ወደደው። ሙክሙክ የተሣለበት የቫንኩቨር ደሴት ማርሞት እ.ኤ.አ. በ2003 አካባቢ በዱር ከ30 በታች ቀርቶ የነበረ እንስሳ ነው። ያንን እንስሳ ሕፃናት አሻንጉሊቱን አቅፈው አወቁት።

ከሁሉም የምወደው የዋሽንግተን ግዛትን ታሪክ ነው። በሲያትል ከተማ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች የኦሎምፒክ ማርሞት የሚባለውን ዝርያ አጠኑ። ከእነሱ ግዛት ውጭ የትም እንደሌለ አወቁ። ከዚያ ሕግ አውጪዎቹ ዘንድ ሄደው ወተወቱ። እ.ኤ.አ. በ2009 እንስሳው በግዛቲቱ ብቻ የሚገኝ መለያ አጥቢ እንስሳ ተብሎ በሕግ ታወጀ። ምርጫውን ለልጆች ስትሰጡት እዚህ ድረስ ይሄዳል። ልብ በሉ ግን፤ የመረጡት በደጃቸው ያለውን ነው።

እና ችግሩስ? ትልቁ ችግር የቀን መቁጠሪያ ነው። ተራራማው ማርሞት የሚተኛው ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ መጋቢት መጨረሻ ገደማ ነው። በእኛ የትምህርት ዘመን ላይ አስቀምጡት። መስከረም ላይ ተመዝግቦ ይተኛል። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ያልፈዋል። ሁለተኛው ሲጋመስ ይነቃል። ከዚያ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሐምሌና ነሐሴን ሲበላ ይከርማል። ሰነፍ ተማሪ እንኳ እንዲህ አልተዋጣለትም። ተፎካካሪው ትምህርት ቤት ይህን ያወቀ ቀን ጭፈራው አለቀ። «ተነሣ ማርሞት!» እያሉ ነው የሚገቡባችሁ።

ሌላም አለ። በመካከለኛው እስያ ማርሞት የወረርሽኝ ተሸካሚ ተብሎ ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ1910 እና 1911 በሰሜን ምሥራቅ ቻይና፣ በማንቹሪያ ብዙ ሰው የፈጀው ወረርሽኝ ከማርሞት ቆዳ አዳኞች ጋር ይያያዛል። ይህ ለቲሸርት ምንም ለውጥ አያመጣም። ነገር ግን ጎግል የሚያደርግ ወላጅ አይጠፋም፤ መልስ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ሽኮኮ

እኚያ አባት «ይሄማ ሽኮኮ ነው» ሲሉ በዘር ተሳስተዋል። ሽኮኮ የማርሞት ዘመድ አይደለም። የቅርብ ዘመዱ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ዝሆን ነው። አራት ኪሎ ገደማ የምትመዝን ቡናማ ፍጥረት፣ ከላይኛው ድዷ ሁለት ሹል ጥርስ ጎላ ጎላ ብሎ ይታያል። የፊት እግሯ አራት ጣት፣ የኋላው ሦስት። የእግሯ መዳፍ ረጠብ ብሎ እንደ ጎማ ስለሚይዝ ቀጥ ባለ ቋጥኝ ላይ ትሮጣለች።

በኑሮ ግን ሽኮኮና ማርሞት አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ሽኮኮም በመንጋ ነው። ሽኮኮም ዘብ ታቆማለች። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ታች ስታዩ ጀርባው ላይ ነጭ ያለበት ትልቅ ጥቁር ንስር ካንዣበበ፣ ዋና አደኑ ሽኮኮ ነው። ዘቧ ትጮኻለች፤ ሁሉም ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ለስድስት ወር መተኛት ደግሞ የለም። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ናት።

የሰውነቷን ሙቀት መቆጣጠር ላይ ደካማ ስለሆነች ጠዋት የመጀመሪያ ሥራዋ ፀሐይ መሞቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እንጦጦ ጀርባ ወይም ሱሉልታ ያለ ትምህርት ቤት ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ሂዱ። ልጆቹ የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ስበው፣ ፀሐይ የነካው ግድግዳ ላይ ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ወሬ የለም። አዲስ ልጅ ሲመጣ ሁሉም ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቅለታል። ጥላው ሲመጣ ሰልፉ እንዳለ ወደ ፀሐዩ ይሸሻል። ቋጥኝ ላይ ያሉ ሽኮኮዎች ቁርጥ ይህን ነው የሚመስሉት።

የሽኮኮን ኑሮ ያጠኑ እስራኤላውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ውጤት አለ። ግንኙነቱ በጥቂቶች ዙሪያ ብቻ የሚሽከረከር መንጋ አለ፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተቀራርቦ የሚኖርበት መንጋም አለ። ረጅም ዕድሜ የኖሩት በሁለተኛው ዓይነት መንጋ ያሉት ሆነው ተገኙ። ክፍል ውስጥ የፊት ወንበር ቡድንና የኋላ ወንበር ቡድን ለሚያስቸግራችሁ መምህራን ይህ ሰልፍ ላይ የሚነገር ጥሩ ወሬ ነው።

ወንዱ ሽኮኮ ደግሞ ይዘፍናል። ረጅም ዘፈን ነው፤ ማን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚገዝፍ፣ በመንጋው ውስጥ የት እንደቆመ ይናገርበታል። ሚኒ ሚዲያው መክፈቻ ድምፅ አጣሁ እንዳይል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፤ ነውር አይሁንብኝ። ሽኮኮዎች በተለዩ ቦታዎች ብቻ ነው የሚጸዳዱት። በትውልድ ቅብብል ያንኑ ቦታ ይጠቀማሉ። የዳርቻ ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤትን ሁኔታ የሚያውቅ ሰው ይህንን ለጤና ክበብ መምህሩ ሳይነግር አይቀርም።

ከሃይማኖት ወገን ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በኦሪት ዘሌዋውያን ሽኮኮ ከማይበሉት ተርታ ናት። እውነት ነው። አንበሳም አይበላም፤ እሱን ግን ማንም አልተቃወመም። መጽሐፈ ምሳሌ ደግሞ ሽኮኮን ከአራቱ ጥቃቅን ግን እጅግ ጠቢባን ፍጥረታት አንዷ ያደርጋታል። አቅም ባይኖራትም ቤቷን በቋጥኝ ውስጥ ስለምትሠራ። ለአዲስ ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ጥቅስ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል።

እውነተኛው ችግር የ11ኛ ክፍል ጎረምሳ ነው። «ሽኮኮ» የተጻፈበት ቲሸርት ለብሶ ሜዳ አይገባም። ሴት ጓደኞቹ «ውይ ስታምር» ይሉታል፤ አለቀ። ለዚህ መፍትሔ አለኝ። የቡድኑን ስም «ቋጥኞቹ» በሉት፤ ሥዕሉን ሽኮኮ አድርጉት። ብሔራዊ ቡድናችን «ዋልያዎቹ» ሲባል እንደሚከብደው «ቋጥኞቹ»ም ይከብዳል። ታችኛው ክፍሎች እንስሳዋን ይወዷታል፤ ላይኞቹ ስሙን ይይዛሉ። ጎል ያገባውን ልጅ እሽኮኮ አድርጎ ሜዳውን ማዞር ደግሞ ራሱን የቻለ ጭፈራ ነው።

ሌላው ጣጣ ሠዓሊው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ብዙ ሰው ጭራ ጎፋሯንም ሽኮኮ ይላታል። ሠዓሊው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን ጭራ ጎፋር፣ ለውዝ የያዘች እንስሳ ስሎ ያመጣላችኋል። አስቀድማችሁ ፎቶ ስጡት። ጭራ የለም፣ ለውዝ የለም፣ ከእግሯ ሥር ድንጋይ አለ።

አንበሳ

አንበሳ ምን ይጎድለዋል? ምንም። ችግሩም ይኸው ነው። አንበሳ አውቶቡስ አለ፣ አንበሳ ጫማ አለ፣ አንበሳ ባንክ አለ። ለገሃር ፊት ለፊት የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል፤ በወረራው ዘመን ሮም ተወስዶ የተመለሰው። ሁሉም ቦታ አንበሳ ነው። እና የእናንተ ትምህርት ቤት አንበሳ ከጎረቤት ትምህርት ቤት አንበሳ ጋር ሲጋጠም ደጋፊው ማንን ነው የሚጠራው? «አንበሳ ግደል» ሲባል ሁለቱም ወገን ያጨበጭባል።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ለማየት የሚቀለው እሱ ነው። ስድስት ኪሎ የአንበሳ ግቢ እ.ኤ.አ. በ1948 ከተከፈተ በኋላ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤት ጉብኝት መዳረሻ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘር ምርመራም የግቢው ጥቁር ጎፈር አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች የሚለይ ዘር እንዳላቸው አሳይቷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለሕፃናት መዋያ (ኬጂ) ከሆነ አንበሳን አልቃወምም። የአራት ዓመት ልጅ አንበሳ መሆን ይፈልጋል፤ ይሁን።

ለቀሩት ግን አልመክርም። ማርሞትን በእንቅልፉ ከጣላችሁት ደግሞ አንበሳ በቀን እስከ 20 ሰዓት ጋደም እንደሚል አትርሱ።

ጭላዳና ጉሬዛ

ሱሉልታ፣ ጫንጮና ከዚያ ወዲያ ላለ ትምህርት ቤት ጭላዳ ጠንካራ ተወዳዳሪ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ ዋና ምግቡን ሣር ያደረገ ሌላ የለም። ደረቱ ላይ ያለችው ቀይ ቆዳ ለአርማ ሠሪ የተፈጠረች ናት፤ አንድ ቀይ ምልክት ብቻ ብታስቀምጡ ይታወቃል። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደብረ ሊባኖስ ላይ ልጆቹ ቁጭ ብለው ያዩታል። ቤተሰቡን አጽንተው የሚይዙት ደግሞ ሴቶቹ ናቸው፤ እናት፣ እህት፣ ልጅ። ወንዱ ይቀያየራል። የሴቶች ክበብ ይህን ሲሰማ ድምፁን በሙሉ ለጭላዳ ይሰጣል።

ታዲያ ለምን አንደኛ አላደረግሁትም? በስድቡ ምክንያት። እኛ አገር ልጅን ዝንጀሮ ማለት ስድብ ነው፤ የሚያመው ልጅም አለ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ያተመውን ስም ሌላው አንሥቶ አንዱን ልጅ ለብቻው ሲመታበት ማየት አልፈልግም። ልጆቹ ይህን በቀልድ አልፈው መሄድ የሚችሉበት ጠንካራ ግቢ ካላችሁ ጭላዳ ከማንም ይበልጣል። አዲስ ለተከፈተና ተማሪው ገና ላልተላመደ ግቢ ግን ይቆይ።

ጉሬዛ በዚህ በኩል ይሻላል። እሱም ከዛው ወገን ቢሆንም ስሙ ስድብ ሆኖ አያውቅም። ጥቁርና ነጭ ቀሚሱ ያኮራል፤ በድሮ ዘመን የጀግና ጌጥ ነበር። በሰበታ፣ በሆለታና በቡራዩ በኩል ላላችሁ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ቅርባችሁ ነው። ደኑ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን መጠበቅ እንደጀመረ ይነገራል። ጉሬዛው ጎሕ ሲቀድ በኅብረት ያገሳል፤ አንዱ ጀመረ፣ የሚቀጥለው ዛፍ መለሰለት፣ እንዲህ እያለ ሸለቆውን ያዳርሳል። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው። ለአዲስ ገቢ ተማሪ ነጭ ቲሸርት፣ ለነባር ጥቁርና ነጭ ማድረግ ትችላላችሁ። በአንድ ቀለም መታተሙ ደግሞ ሌላ በረከት ነው፤ ገንዘብ ያዡ ይመርቃችኋል።

ሌሎቹን በአጭሩ

ዋልያ የብሔራዊ ቡድኑ ነው፤ አትንኩት። ቀይ ቀበሮ ቆንጆ ነው፣ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 ጥቂት ቢበልጥ ነው ወይም ያንሳል፤ ግን እንደ ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች ወይም ጓሳ ያለ ቦታ ካልሄዱ አይታይም። ለተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ ስም ይሁን።

ንብ ሁሉን ያሟላል። ትሠራለች፣ ትተባበራለች፣ ግቢ ውስጥ ቀፎ መስቀል ይቻላል፣ ሆለታ ላይ የንብ ምርምር ማዕከል ስላለ የጉብኝት ቦታም አለ። ባንኩ ቀደማችሁ እንጂ። ቲሸርቱን ያየ ሁሉ «ቁጠባ ከፍታችሁ ነው?» ይላል።

ጅብ በዳርቻ ሰፈር ከማንም በላይ ጎረቤት ነው። ማታ ማታ ሁላችንም እንሰማዋለን። ተማሪዎቹ አንዳንዴ በቀልድ ያነሡታል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በእግር የሚመጡ ሕፃናት ያሉበት ግቢ ግን በእሱ አይቀለድም።

ወፍራም አፍ ያለውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው፤ ብልህ ነው፤ ግቢያችሁ ውስጥ ምሳ ዕቃ ሲከፈት ይደርሳል። ነገር ግን «የቁራ መልእክተኛ» በሚባልበት አገር ተማሪ ጠመኔ እንዲያመጣ ወደ ቢሮ የሚልክ መምህር ይህን ምልክት አይቀበልም።

ታዲያ ማን ምን ይምረጥ?

ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላለው አዲስ ትምህርት ቤት ሽኮኮ። ሳላመነታ። ማርሞት የሚሰጠውን ሁሉ ትሰጣለች፤ በዚያ ላይ እንቅልፉን ታስቀራለች፤ አንድ ቀን ጉዞ ተይዞ ደግሞ ትታያለች። ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ ምዕራብ በኩል ጉሬዛ፣ ሰሜን በኩል ጭላዳ (ግቢው ከበሰለ)፣ ምሥራቅና ደቡብ በኩል «ቋጥኞቹ»። ልጆቹ «ማርሞት ወይም ሞት» ካሉ ግን አትጣሏቸው። ለአንድ ዓመት የአንድ ክፍል ወይም የአንድ ክበብ መጠሪያ ይሁን። ያፏጩበት። የሚዘልቅ ከሆነ ራሱ ይዘልቃል።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን ሁለት ሦስት ነገር አድርጉ። ስሙን ለአንድ ሳምንት ልጆቹ መሀል ልቀቁትና ተጫወቱበት በሏቸው። በስምንተኛው ቀን የቱ ስድብ እንደወጣለት ጠይቁ። ደግሞ በኦሮምኛም ምን እንደሚባል፣ ሰው ሲጠራበት ምን እንደሚመስል የአካባቢውን አዛውንቶች ጠይቁ፤ በዳርቻ ትምህርት ቤት ግማሹ ተማሪ ቤቱ የሚናገረው ያንን ነው። የሕያው ፍጥረት ሥዕል ቅር የሚላቸው ወላጆች ካሉም ቀድማችሁ አነጋግሯቸው። ለእነሱም የሚሆን መላ አለ፤ ሥዕሉን ትታችሁ አሻራውን ብቻ አትሙ። አራት ጣት ከፊት፣ ሦስት ጣት ከኋላ። እንዲያውም ከሙሉ ሥዕሉ ይልቅ ለዓይን ይገባል።

ድምፅ ስታሰጡ ሦስት ዕጩ ብቻ አቅርቡ። ምርጫውን ክፍት ያደረገ ትምህርት ቤት በመጨረሻ የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ስም ነው የሚያገኘው። እያንዳንዱን ዕጩ አንድ ክፍል ያጥና፣ ሰልፍ ላይ ይሟገትለት። አንደኛና ሁለተኛ ክፍሎች በሥዕል ይምረጡ።

የትምህርት ቤቱን አርማና ማኅተም አትንኩ። መጽሐፉ፣ ችቦው፣ እስክርቢቶው ባሉበት ይቆዩ። መለያ እንስሳው የቲሸርት፣ የግድግዳና የጭፈራ ነው። ማኅተም መቀየር ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ዓመት ነው።

ኅትመት ላይ ቀለም በጨመረ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ስለዚህ ሥዕሉን በአንድ ቀለም አስጀምሩት። ትንሽ ተደርጎ ደረት ኪስ ላይ ሲገባ ዓይኑና አፉ ካልለየ ሠዓሊው መልሶ ይሥራው። ናሙና አንድ ቲሸርት አሳትማችሁ አምስት ጊዜ አሳጥቡት፤ ከዚያ ብዛቱን እዘዙ። ትእዛዙን ነሐሴ ላይ ስጡ። መስከረም ላይ ማተሚያ ቤት ሁሉ የዩኒፎርም ወረፋ ነው።

የእንስሳውን ትልቅ ልብስ ማሰፋት የሚፈልጉ ካሉ፣ መጀመሪያ ውስጡ የሚገባውን ልጅ ምረጡ። ቁመቱን ለክታችሁ አሰፉ። ዓይኑ ጋ በደንብ የሚያሳይ መረብ ይኑር፤ እንጀራ የሚያህል ራስ ይዞ ደረጃ የሚወርድ ልጅ ይወድቃል። ጭንቅላቱ ለብቻው የሚወልቅ፣ ገላው ደግሞ ዚፕ ያለውና የሚታጠብ ይሁን። ከአንድ ጨዋታ በኋላ ለሚቀጥለው ልጅ ሳይታጠብ አይሰጥም፤ ማን እንደሚያጥበውም ከወዲሁ በስም ይመዝገብ።